የመነኩሴው ብልቃጥ

(በንባብ ክበባችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ዝናቡን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲ ገብቼ ገና ጋውኔን እየለበስኩ ሳለ አንድ አባት መጡ። «ልጄ፣ የአይጥ መድኃኒት ይኖርሻል?» አሉኝ። እኛ እንደማንይዝ ነገርኳቸውና ሄዱ። ቃሉ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ። ለዛሬው ንግግር ስዘጋጅ የሰነበትኩት እሱኑ እያሰብኩ ነበርና።

እስቲ አስቡት። አይጥ የሚገድለውን መድኃኒት እንለዋለን። ተባይ የሚፈጀውንም መድኃኒት እንለዋለን። ትኩሳት የሚያበርደውም መድኃኒት ነው። «መድኃኒት አቀመሱት» ሲባል ደግሞ አዳኑት ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንናገረው።

ዛሬ የማወራላችሁ መጽሐፍ የቆመው እዚሁ ላይ ነው። ያዳነውም የገደለውም ከአንድ ብልቃጥ የወጣ ነው። ብልቃጡን የሞሉት ደግሞ መርማሪው ራሳቸው ናቸው።

መጽሐፉ በ1980 የታተመው የኤሊስ ፒተርስ ልቦለድ ነው። ርዕሱ በእንግሊዝኛ «መንክስሁድ» ይባላል፤ የመነኩሴ ቆብ ማለት ነው። የአበባ ስም ነው። ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ አበባ ሲሆን የላይኛው ቅጠሉ ጎንበስ ብሎ ልክ እንደ ቆብ ይደፋል። በአማርኛ ሰው ሲመነኩስ ቆብ ደፋ አይደል የምንለው? ስሙ ለእኛ ጆሮ የሚጥመው ለዚህ ነው። በሳይንስ ስሙ አኮኒተም ይባላል። ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ይብሳል።

ዋናው ባለታሪክ ካድፌል የሚባሉ መነኩሴ ናቸው። በእንግሊዝኛው «ወንድም ካድፌል» ነው የሚባሉት። እኔ አባ ካድፌል እያልኩ እቀጥላለሁ። መነኩሴን ወንድም ብሎ መጥራት አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

አባ ካድፌል የዌልስ ሰው ናቸው። የሚኖሩት በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር አቅራቢያ፣ ሽሩዝበሪ በምትባል ከተማ ባለ የቤኔዲክቶስ ገዳም ውስጥ ነው። ከተማዋ ዛሬም አለች። የሰቨርን ወንዝ ዙሪያዋን ጠምዝዞ ሊዘጋት ምንም አይቀረው። ገዳሙ የተመሠረተው በ1083 ነው። በ1540 በንጉሡ ትእዛዝ ተዘጋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እስከ ዛሬ ይቀደስበታል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1138 ነው። ያን ጊዜ ንጉሥ እስጢፋኖስና የአጎቱ ልጅ እቴጌ ማቲልዳ ለዙፋን እየተዋጉ አገሪቱን ያመሱ ነበር።

አባ ካድፌል ልጅ ሆነው አይደለም የመነኮሱት። መጀመሪያ ወታደር ነበሩ። በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት ዘምተዋል። ከዚያ በባሕር ላይ ሠርተዋል። ዕፅዋትን በደንብ የተማሩት እዚያው ምሥራቅ ነው። አርጅተው ቆብ ሲደፉ ይዘውት የመጡት ሀብት ዘርና ዕውቀት ነው። በገዳሙ የአትክልት ቦታ ውስጥ አንዲት የእንጨት ጎጆ አላቸው። ከጣሪያዋ የደረቀ ቅጠል በየእቅፉ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲገባ ይንሿሿል። ምድጃ አለ፣ ማሰሮ አለ፣ ብልቃጥ በየመደርደሪያው አለ። ጠጃቸውን ማለቴ ወይናቸውንም እዚያው ነው የሚጥሉት። ሳነብ ያቺ ጎጆ ትሸተኛለች። የአያቴን ጓዳ ነው የምታስታውሰኝ፤ ጦስኙ፣ ጤና አዳሙ፣ የተሰቀለው በሶብላ። ለነገሩ ጤና አዳም በዚያ ዘመን የአውሮፓ ገዳማት አትክልት ውስጥ የማይጠፋ ተክል ነበር። የእኛ የጥብስ ቅጠልም እንደዚያው።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልምጣ። አባ ካድፌል ከመነኩሴ ቆብ ሥር የመታሻ ዘይት ይሠራሉ። ለሽማግሌ መነኮሳት ነው፤ በብርድ ጊዜ ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ለሚቆረጥማቸው። ከላይ ሲታሽ ሕመም ያደነዝዛል። ወደ ሆድ ከገባ ይገድላል። ከዘይቱ በጎጆዋም አለ፣ በሕሙማኑ ክፍልም አለ።

በገዳሙ አጠገብ ጀርቬስ ቦኔል የሚባል ባለርስት ከነቤተሰቡ ገብቷል። ርስቱን ለገዳሙ ሊሰጥ፣ ገዳሙ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሊጦረው ተስማምተዋል። ውሉ ግን ገና አልታተመም። አንድ ቀን ምክትል አበምኔቱ ከራሳቸው ማዕድ ላይ ቆቅ ቆርሰው በወጥ አስጨምረው ይልኩለታል። በላ። ወዲያው ታመመ። አባ ካድፌል ተጠሩ። ከሰውየው አጠገብ ሲንበረከኩ የራሳቸውን ዘይት አወቁት።

መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምወደው ቦታ ይህ ነው። በሌላ የወንጀል ልቦለድ መርማሪው ከውጭ ይመጣል። ኮቱን ያራግፋል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እዚህ ግን መርማሪው ገና ክፍሉ ውስጥ እንደገቡ በነገሩ አሉበት። ማንም አልከሰሳቸውም። ማንም አልጠረጠራቸውም። እሳቸው ግን ያውቃሉ። ዘይቱን የወቀጡት፣ ያጣሩት፣ ብልቃጥ ውስጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ምርመራ ሁሉ ብልህነት ለማሳየት አይደለም። አደራ ስለበላባቸው ነው። የሟች እንጀራ ልጅ ኤድዊን ገና 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። በዚያው ማዕድ ላይ ከእንጀራ አባቱ ተጣልቶ ሮጦ ወጥቷል። ሕግ አስከባሪዎቹ ልጁን ያሳድዳሉ። አባ ካድፌል ዘይታቸው ሁለተኛ ሰው እንዳይገድል ነው የሚሮጡት።

ይህን ሳነብ ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። እስካሁን ለማንም ብዙ አላወራሁትም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ተቀጥሬ በምሠራበት ፋርማሲ የእከክ መድኃኒት በትልቅ ጀሪካን ይመጣና እየቀዳን እንሸጥ ነበር። ቤንዚል ቤንዞኤት ይባላል። ነጭ ነው፣ ወተት ይመስላል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ነው እንጂ አይጠጣም። አንዲት እናት መጣች። የእኛ ጠርሙስ አልቋል። እሷ የታጠበ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ይዛለች። ቀዳሁላት። በፕላስተር ላይ «ለቆዳ ብቻ» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩበት። ደግሜም በቃል ነገርኳት። ሰምታኛለች።

ከቀናት በኋላ ፕላስተሩ ረጥቦ ወደቀ። እሷ ገበያ ሄዳለች። አማቷ ቤት ናቸው። ልጁ አሳለው። መደርደሪያ ላይ የሳል ጠርሙስ አዩ። አንድ ማንኪያ ሰጡት።

ልጁ ድኗል፤ አትደንግጡ። አስመለሰው፣ ሐኪም ቤት አደረ፣ በማግስቱ ወጣ። እናትየው ልትከሰኝ አይደለም የመጣችው። ልትነግረኝ ነው። «አንቺማ ነግረሽኝ ነበር» አለችኝ። ያ ነው የባሰብኝ። ነግሬያት ነበር። ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጥቻለሁ። መጠኑም ትክክል ነው። ጠርሙሱ ግን «ጠጡኝ» እያለ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በመጣ ዕቃ ቀድቼ አላውቅም። ሰው ተቆጥቶኝ ሄዷል። ይሂድ።

በእንግሊዝ አገር ይህ ችግር በጣም ቀደም ብሎ ታስቦበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርዝነት ያላቸው ፈሳሾች የሚሸጡበት ጠርሙስ የተለየ ነበር። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ሰማያዊ፣ ጎኑ ስድስት ማዕዘን፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከመስተዋቱ ጋር የተሠራ ሸንተረር አለው። ማታ መብራት በሌለበት ሰው በዳበሳ ሲያነሳው እጁ እንዲነግረው ነው። «አይጠጣም» የሚለው ጽሑፍም በመስተዋቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ፕላስተር አይደለም፣ አይወድቅም።

ደራሲዋ እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። ኤሊስ ፒተርስ የብዕር ስም ነው። እውነተኛ ስሟ ኢዲት ፓርጀተር ይባላል። በ1913 ሽሩዝበሪ ባለችበት በሽሮፕሺር አውራጃ ተወለደች። ከ1933 እስከ 1940 ዶውሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በመድኃኒት ቤት ረዳትነት ሠርታለች። ሰባት ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ! በዚያ ዘመን በእንግሊዝ መድኃኒት ቤቶች «ኤ ቢ ሲ» የሚባል የመታሻ ቅባት ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያዋ ፊደል አኮናይት ናት፤ ያው የመነኩሴ ቆብ። ሁለተኛዋ ቤላዶና፣ ሦስተኛዋ ክሎሮፎርም። ለወገብና ለጡንቻ ሕመም ነው። እንግዲህ የአባ ካድፌል ዘይት ከአየር ላይ የመጣ አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል አገልግላ በ1944 ሜዳሊያ ተሸልማለች። የመጀመሪያውን የአባ ካድፌል መጽሐፍ ስታሳትም 60 ዓመት አልፏት ነበር፤ በ1977። ተከታታይ ይሆናል ብላም አላሰበችም። በ1994 ሃያኛውን አወጣች፤ በማግስቱ ዓመት አረፈች። የዛሬው መጽሐፍ ሦስተኛው ነው። በወጣበት ዓመት የብሪታንያ የወንጀል ደራስያን ማኅበርን የብር ጩቤ ሽልማት አግኝቷል። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ዴሪክ ጃኮቢ አባ ካድፌልን ሆኖ ተጫውቷል። ዛሬ በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመታሰቢያዋ የተሠራ ባለቀለም መስኮት አለ፤ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ተሥሎበታል።

እንዲህ ዓይነቱን ልቦለድ በእንግሊዝኛ «ኮዚ» ይሉታል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ሻይ ይዞ የሚነበብ ማለት ነው። ሰው ይሞታል፤ ግን ደም አይረጭም። መርማሪው ፖሊስ አይደለም። ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ ቦታ ነው። በዕፅዋት ዐዋቂ መርማሪ የተጻፉ ሌሎችም አሉ። አሜሪካዊቷ ሱዛን ዊቲግ አልበርት በ1992 የጀመረችው ተከታታይ የታወቀ ነው። ባለታሪኳ ጥብቅና ትታ በቴክሳስ ትንሽ ከተማ የቅጠላ ቅጠል ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ርዕስ በጦስኝ ስም የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን እንደ አባ ካድፌል አልያዘኝም። እዚያ ዕፅዋቱ የሱቁ ሽታ ናቸው። እዚህ ግን የነገሩ ሁሉ ምክንያት ናቸው።

ስለ መርዙ አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። አኮናይት መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ያደነዝዛል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ከዚያ ማስመለስ ይመጣል። ከዚያ ልብ። የልባችን ሕዋሳት ሶዲየም የሚያስገቡበት ጥቃቅን በር አላቸው፤ ተከፍቶ ወዲያው መዘጋት አለበት። ይህ መርዝ በሩን ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። በሩ አልዘጋ ሲል የልብ ምት ሥርዓቱን ያጣል። እስከ ዛሬ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማርከሻ የለም፤ ሐኪሞች የሚችሉት ልብን መደገፍ ነው። በቁስል በኩልም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ እቤት ሄዳችሁ የመታሻ ዘይት ልሥራ እንዳትሉ።

ደግሞ ልቦለድ ብቻ አይደለም። በ1881 ላምሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በእንግሊዝ አገር የሚስቱን ወንድም፣ የ18 ዓመት ወጣት፣ በዚሁ መርዝ ገደለ። ሬሳ ውስጥ አይገኝም ብሎ ነበር የተማመነው። የምርመራው ኬሚስት ቶማስ ስቲቨንሰን ከሬሳው ያጣሩትን ነገር በምላሳቸው ቀመሱት። ምላሳቸው ደነዘዘ፣ ነዘራቸው። አይጥ ላይም ሞከሩት። ላምሰን በ1882 ተሰቀለ። አንድ ሰው እውነትን ለማውጣት መርዝ ሲቀምስ ይታያችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለፉት ሳምንታት መጽሐፉን ስታነቡ የነገራችሁኝን ጽፌ ይዤዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ስለ ቆቁ ነው። ከመካከላችን ትልቋ እናታችን «ቆይ፣ በታኅሣሥ ነው የምትይው? የነቢያት ጾም ሰሞን? መነኩሴ ቆቅ ይበላል?» አሉኝ። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤው ይህን አላየሁትም! ሄጄ አየሁ። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት በ39ኛው ምዕራፉ ከደከሙ ሕሙማን በቀር ማንም የባለአራት እግር እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይከለክላል። ወፍን ግን አይጠቅስም። መነኮሳቱ በዚያ ቀዳዳ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ያም ሆኖ የእናታችን ዓይን ትክክል ነው ያየው። ምክትል አበምኔቱ ለብቻቸው የሚበሉ፣ ደንበኛ ማዕድ የሚወዱ ሰው ናቸው። አበምኔቱ ወደ ለንደን ተጠርተው ሲሄዱ ወንበሩን ሞቅ አድርገው ተቀምጠውበታል። ቆቋ ይህን ሁሉ ትናገራለች። ደራሲዋ ሌላ ምግብ መምረጥ ትችል ነበር።

ሁለተኛው ብዙ ያነጋገራችሁ ሪቺልዲስ ናት። የሟች ሚስት። አባ ካድፌል ወጣት ሳሉ እጮኛቸው ነበረች። እመለሳለሁ ብለው ዘመቱ፤ ሳይመለሱ ዓመታት አለፉ፤ እሷ ሌላ አገባች። ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው በሬሳ ፊት ተገናኙ። ከወጣቶቹ አንዱ «ትንሽ ሰው ሠራሽ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል እንዴት እሷ ትገኛለች?» ብሎኛል። እውነቱን ነው። አጋጣሚው በዛ። ግን የተገናኙበትን ምሽት ልብ ብላችሁ አንብቡት። አያለቃቅሱም። ስለ ልጁ ነው የሚያወሩት። በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ነገር አመላላሽ መነኩሴ አለ፤ ሮጦ ለአለቃው ይናገራል። አባ ካድፌል ከግቢ እንዳይወጡ ይታገዳሉ። እንግዲህ ልጁ ይታደናል፣ የሚያድነው ሰው ደግሞ በአጥር ውስጥ ነው። ረዳታቸው ወጣቱ ማርክ እግርና ዓይን ሆኖላቸዋል። ማርክን ወድጄዋለሁ። ቅጠሉን ሁሉ አስተምረውታል፤ የቱ እንደሚገድል ጭምር።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባ ካድፌል የሚሠሩት ነገር ምን እንደሆነ ገዳሙ በሙሉ ያውቃል። ለዚህም ነው ተጠርጣሪው የበዛው። እኛ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የባህል ሐኪሞቻችን የቅጠሉን ስም አይናገሩም። ከአባት ለልጅ፣ ያውም ለአንዱ ልጅ ብቻ፣ በምሥጢር ይተላለፋል። ምክንያት አላቸው፤ እንጀራቸው ነው፣ ቅጠሉም በየሰው እጅ ገብቶ ጉዳት እንዳያደርስ ይሰጋሉ። ግን ታማሚው ተዝለፍልፎ ሲመጣ «ምን ጠጣ?» ብለን እንጠይቃለን። «የባህል መድኃኒት።» «የምን ቅጠል?» ዝምታ ነው። አጥር ሥር የሚበቅለውን አስተናግርን ታውቁታላችሁ። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል፣ ያቃዠዋል፣ ሲበዛ ይገድላል። ለጭርትና ለጥርስ ሕመም ደግሞ ሲጠቀሙበት የኖሩ አሉ። ኮሶም እንደዚሁ። ትል ያስወጣል፤ መጠኑ ካለፈ ግን ሰውየውን ራሱን ይጥለዋል። አያቴ ኮሶ ስታጠጣ ቀኑን ሙሉ ከአጠገብ አትጠፋም ነበር። አጠጥታ አትሄድም። እኔ ያኔ ለርኅራኄ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ክትትል ነው። ያጠጣችውን ታውቃለች፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ከሁሉ የከፋ ክርክር የነበረው በመጨረሻው ላይ ነው። ማን እንደገደለ አልናገርም፤ ያላነበባችሁ አላችሁ። ግን አባ ካድፌል ገዳዩን እንደሚለቁት መናገር አለብኝ፤ ካለዚያ ስለዚህ መጽሐፍ መነጋገር አይቻልም። ለገመድ አሳልፈው አይሰጡትም። ንስሐ ይሰጡታል። ሂድ፣ ኑር፣ ዕድሜህን በሙሉ በጎ ሥራበት፤ ልጁ ነፃ እንዲወጣ ግን ኑዛዜህን ላክ ነው ነገሩ።

ግማሾቻችሁ ተቆጥታችኋል። አንዷ «ይህማ ዳኝነት አይደለም፣ አባ ካድፌል ማን ናቸው?» ብላኛለች። ሌላው ደግሞ በ1138 ያለው ቅጣት ስቅላት ብቻ መሆኑን አስታውሶናል። እኔም እጨምራለሁ። ከዚህ መጽሐፍ በፊት ባለው በሁለተኛው ታሪክ፣ ንጉሥ እስጢፋኖስ ሽሩዝበሪን ሲይዝ 94 ሰው ሰቅሏል፤ የታሪክ እውነት ነው። በልቦለዱ ሬሳዎቹን ሊገንዙ የሄዱት አባ ካድፌል ናቸው። ሲቆጥሩ 95 ሆነባቸው፤ ታሪኩም የሚነሳው ከዚያች ከአንዷ ትርፍ ሬሳ ነው። እንግዲህ በዚያው ዓመት ያን ሁሉ ገመድ በእጃቸው የፈቱ ሰው ሌላ ገመድ ባያምራቸው አይገርመኝም።

ጡረታ የወጡት መምህራችን ግን ከሁላችንም የተሻለ ነገር አነሱ። «እኛ አገር ደም ማድረቅ አለ» አሉ። «ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ገዳይና የሟች ወገን ይታረቃል። ገዳይ አይሰቀልም። ስለዚህ መለቀቁ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሚስትየዋ ተጠይቃለች? የሟች ወገን ሳይቀመጥ ዕርቅ አለ?»

ሳምንት ሙሉ ይህን አሰብኩ። መልስ ፍለጋ መጽሐፉን ገለጥኩ። አልተጠየቀችም። ሪቺልዲስ የሰማችው ከሆነ በኋላ ነው። አባ ካድፌል ብቻቸውን ወሰኑ። የኑዛዜ ምሥጢር ነው ሊባል ይችላል። ግን እሳቸው ያን ጊዜ እንደ ቄስ አይደለም ያናገሩት። እንደ ባለዕዳ ነው። ያ ዘይት የእጃቸው ሥራ ነው። ገዳዩን ሲያዩት የራሳቸውንም ብልቃጥ ያያሉ ብዬ ነው የማነበው። ለዚህ ነው ልባቸው የራራው። ይህ ደግሞ ስህተት ሊሆን ይችላል። እኔ ያቺ እናት «አንቺማ ነግረሽኝ ነበር» ስትለኝ ይቅርታ ያደረገችልኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው በእሷ ስም ቢምረኝ አይገባኝም ነበር። መምህር፣ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጽሐፉን ግን እንደ ድሮው ወድጄዋለሁ። ምናልባትም በእርስዎ ምክንያት ይበልጥ።

ለሚቀጥለው ወር የመጀመሪያውን ልናነብ ነው፤ የቅድስት ዊኒፍሬድን ዐፅም ከዌልስ ወደ ሽሩዝበሪ ስለማምጣት ነው። የሚጀምረው በግንቦት ማለዳ፣ አባ ካድፌል የጎመን ችግኝ ሲተክሉ ነው። መነኮሳቱ ዐፅም ሊያመጡ ሄደው መንደርተኛው ቅድስታችንን አንሰጥም ይላል። ስለ ታቦትና ስለ መንደር ብዙ የምንለው ይኖረናል ብዬ አስባለሁ።

ያለን ሁለት ቅጂ ብቻ ነው። አንዱን እናታችን ቀድመው ይዘውታል፤ የልጅ ልጃቸው እያነበበች ትተረጉምላቸዋለች። ሁለተኛው እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ እስከ ማታ ፋርማሲ ስላለሁ መጥታችሁ ውሰዱ። ባዶ ጠርሙስ ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ።